የድሮ ላንድክሩዘር ፒካፕን በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች በተለይ ስለ ቶዮታ ላንድክሩዘር 75 ፒካፕ የተጻፉ ናቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 እስከ 1999 ስለ ተመረተውና 1ኤችዜድ የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ስለ ያዘው። በጤና ጣቢያ፣ በእርዳታ ድርጅት፣ በመንገድ ሥራና በእርሻ ልማት ሲያገለግል የኖረው ነጭ ፒካፕ ማለት ነው። የዚያው ዘመን ሃርድ ቶፕ (ኋላው በብረት ጣሪያ የተሸፈነው) ያለው ሰውም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል፤ ሻንሲው (አካሉና ሞተሩ የሚያርፉበት የብረት አጽም) እና ሞተሩ ዝምድና አላቸውና።

ይህን ያህል ያረጀ መኪና ማደስ ያዋጣል?

ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ያዋጣል፤ ሻንሲው ከበሰበሰ አያዋጣም። ከሻንሲው በቀር በዚህ መኪና ላይ ያለው ሁሉ ተፈትቶ የሚቀየር ወይም የሚጠገን ነው። ሞተሩ 4,164 ሲሲ ነው፤ ኮምፒውተር የለውም፤ ናፍጣውን የሚመጥነው ፖምፓ ሙሉ በሙሉ በሜካኒካል መንገድ ይሠራል። ስለዚህ ቁልፍ፣ መመሪያ መጽሐፍና ትዕግሥት ያለው ሰው ሊረዳው ይችላል።

ገበያውም ይህንኑ ያግዛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በአገር ውስጥ ያለ ጤነኛ ላንድክሩዘር ከእንግዲህ የሚጣል ዕቃ አይደለም፤ ሊያዙትና ሊንከባከቡት የሚገባ ንብረት ነው።

ልገዛ ነው፤ መጀመሪያ ምን ልይ?

ሊብሬውን ይዘው ከሻንሲው ሥር ይግቡ። የሻንሲ ቁጥሩ በፊተኛው የቀኝ ጎማ አካባቢ ባለው የሻንሲ ምሰሶ ላይ ተመትቶ ይገኛል። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ወይም የመፋቅ ምልክት ካዩ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

ከዚያ ትንሽ መዶሻ ያንሡና ምሰሶውን ከፊት እስከ ኋላ እየመቱ ይሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ያሰማል፣ አንዳንዴም ቅርፊት ያራግፋል። በተለይ የኋላ ባሌስትራ (ባለ ቅጠል የብረት ሞላ) ማንጠልጠያዎቹን፣ ከነዳጅ ታንከሩ በላይ ያለውንና ጭቃ የሚጠራቀምበትን ክፍል፣ የመስቀለኛ ብረቶቹን መገጣጠሚያ አይዝለሉ። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካጋጠመዎት ምቱን ጠበቅ ያድርጉት። በአፋር በረሃ በዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ላይ ሲሠራ የኖረ መኪና ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ፤ ጨው ከሣጥን ቅርጽ ባለው ምሰሶ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል፤ ከውጭ ሲታይ ደኅና የሚመስለው ብረት አንድ ቀን ጭነት ላይ ይሰነጠቃል።

ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ ያስነሡት። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ማለዳ ይመለሱ። ሲነሣ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነጭ ጭስ አያሳስብም። ሳያቋርጥ የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተው አፉ ላይ ያስቀምጡት፤ ትንፋሹ ክዳኑን የሚያስዘልል ከሆነ ፋሻዎቹ (የፒስተን ቀለበቶቹ) ወይም ሲሊንደሮቹ አልቀዋል። የራዲያቶሩን ክዳን የሚከፍቱት ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ ውኃው ላይ የዘይት ቅባት መታየቱ ዋጋውን በግማሽ ለማውረድ በቂ ምክንያት ነው።

በግቢዬ ውስጥ ለመሥራት ምን ያስፈልገኛል?

ጠንካራ ወለል ይቅደም። ክሪክ በአፈር ላይ ይሰምጣል፤ ሲሚንቶ ከሌለ ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በብረት ማቆሚያ ላይ ሳያርፍ ከሥሩ አይግቡ። ድንጋይና ብሎኬት ማቆሚያ አይሆኑም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ጎረቤት ለአንዲት ደቂቃ ነው ቢልዎትም እሺ አይበሉ።

ከተለመደው የቁልፍ ስብስብ ሌላ ሦስት ነገሮች የግድ ናቸው፦ ቡሎን በልክ የሚያጠብቅ የልክ ቁልፍ፣ ለፊት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት ተሽከርካሪ ማዕከል) ዳዶ የሚሆን ባለ 54 ሚሊ ሜትር ሶኬት፣ ኤሌክትሪክ መለኪያ። ባለ 54ቱ ሶኬት ስለሌለ ብቻ ዳዶውን በካቻቪቴና በመዶሻ እየመቱ የሚፈቱ ብዙዎች ናቸው። የዳዶው ጠርዝ ተቆራርጦ የወጣ መኪና ካዩ ቀደም ሲል የነካው ሰው ኩሽኔታውንም በግምት እንዳጠበቀው ይቁጠሩት።

የተፈታ ቡሎን ሁሉ በየክፍሉ በፕላስቲክ ከረጢት ተለይቶ ስሙ ይጻፍበት። ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ የቱቦዎችንና የሽቦዎችን አካሄድ ከወራት በኋላ ማንም አያስታውስም።

ከምን ልጀምር? ሁሉም ነገር ሥራ ይፈልጋል።

መኪናው መጀመሪያ መቆም የሚችል፣ የሚታዘዝ፣ የማይግል፣ ከዚያ የሚሮጥ፣ በመጨረሻ የሚያምር ይሁን። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ሰው ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ያወጣል። ፍሬንና መሪ፣ የፊት አክስል፣ የማቀዝቀዣ ሥርዓት፣ የሞተር ጥገና፣ ላሜራና ቀለም፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ተጨማሪ መብራት፣ ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) እና አዲስ ወንበር የሚታሰበው።

ይህን የምለው ግማሽ የቀሩ እድሳቶችን ስለማይ ነው። አንጸባራቂ ቀለም የተቀቡ፣ ትልልቅ ጎማ የገጠሙ፣ ነገር ግን ፍሬናቸው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ፒካፖች በየግቢው ቆመዋል። ባለቤቱ በጀቱን ዓይን በሚያየው ላይ ጨርሶ ለማይታየው ምንም ሳይተርፈው ይቀራል። ቀለም ሊቆይ ይችላል፤ የፍሬን ቱቦ አይቆይም።

ከፊት ጎማው ጀርባ ዘይት የተቀላቀለበት ግሪስ ይፈሳል። ምንድን ነው?

በዚህ መኪና ላይ ከሁሉ የሚዘወተረው ሕመም ይህ ነው፤ በቤት ውስጥ በሚገባ ሊሠራ የሚችልም ሥራ ነው። የፊት አክስሉ ጫፍ ላይ ኳስ የመሰለ ክፍል አለ። መሪው ሲዞር ጎማውን የያዘው ቤት በዚህ ኳስ ላይ ይሽከረከራል፤ በውስጡ ደግሞ ቢርፊልድ የሚባለው፣ እየታጠፈ ኃይል የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ በግሪስ ተሞልቶ ይሠራል። ከአክስሉ ውስጥ ያለው ትንሽ የዘይት ማገጃ ጎማ ሲያልቅ የዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ዘይት ወደዚህ ቤት ይገባና ግሪሱን ያቀጥነዋል። ቀጥኖ የሚፈሰው ያ ነው። ከውጭ ብቻ ጠርጎ መተው መፍትሔ አይደለም፤ ቢርፊልዱ ያለ ግሪስ፣ ዲፈረንሻሉም ያለ ዘይት እየቀሩ ይሄዳሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዲፈረንሻሉን ዘይት ያውርዱ። የፍሬን ካሊፐሩን ፈትተው በሽቦ ያንጠልጥሉት፤ በጎማ ቱቦው እንዲንጠለጠል አይተዉት። ፊት ጎማን ከአክስሉ የሚያገናኘውንና የሚያለያየውን መቆለፊያ ይፍቱ፤ በውስጡ ያለውን ቀለበት ያውጡ። የታጠፈውን ማቆሚያ ቀለበት አቃንተው ሁለቱን ባለ 54 ዳዶዎች ይፍቱና ሞዞውን ከነኩሽኔታዎቹ ያውጡ። ከጀርባው በስምንት ቡሎኖች የታሰረውን ክፍል ሲያነሡ አክስሉ ከነቢርፊልዱ ተጎትቶ ይወጣል። ኳሱን የሚጠርገውን የጎማና የፌልት (የተጠቀጠቀ ሱፍ) ቀለበት ከፈቱ በኋላ የላይኛውንና የታችኛውን ክዳን ያወርዳሉ።

እዚህ ጋ ዝግ ይበሉ። በክዳኖቹ ሥር እንደ ወረቀት የቀጠኑ የብረት ልኮች አሉ። የላዩን ከታቹ፣ የግራውን ከቀኙ ሳይቀላቅሉ በየከረጢታቸው ያስቀምጧቸው። አክስሉ መሃል ላይ መሆኑንና መሪው በልኩ መጠንከሩን የሚወስኑት እነዚህ ልኮች ናቸው፤ ከተቀላቀሉ መኪናው በፍጥነት ላይ መሪውን ያንዘፈዝፋል።

ሁሉንም በናፍጣ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁ። የቢርፊልዱን ኳሶች እያዟዟሩ በብርሃን ይመልከቱ፤ ኳሱ በሚንሸራተትበት ቦይ ላይ የተቦረቦረ ነገር ከታየ መቀየር አለበት። መጠነኛ ጭረት ካለ የግራውን ቢርፊልድ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማዘዋወር የሚመርጡ ልምድ ያላቸው መካኒኮች አሉ፤ ጫናው ባልተበላው ገጽ ላይ ያርፋልና። የመሪ ኩሽኔታዎቹ ጣት ሲያስኬዱባቸው ጥርስ ጥርስ የሚል ስሜት ከሰጡ ያለማመንታት ይቀይሯቸው። የውስጡን ማገጃ ጎማ ሁልጊዜ በአዲስ ይተኩ፤ ከነቀለበቶቹና ከነፌልቱ በአንድ ጥቅል ይሸጣል። ሲመልሱ ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ይጠቀሙ፤ ቤቱን ሦስት አራተኛ ያህል ይሙሉ እንጂ አይጠቅጥቁት።

ከመጨረስዎ በፊት የአክስሉን መተንፈሻ ይፈልጉ። በላዩ ላይ ያለው ትንሽ ክዳን በጭቃ ሲደፈን ዘይቱ ሲሞቅ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም አዲሱን ማገጃ ጎማ እንደ አሮጌው ያሸንፈዋል። ቀጭን ቱቦ ገጥመው እስከ ሞተር ክፍሉ ድረስ ከፍ ቢያደርጉት ወንዝ ሲሻገሩም ውኃ አይስብም። በትንሽ ወጪ ብዙ ከሚጠቅሙ ማሻሻያዎች አንዱ ይህ ነው።

ሞተሩን ማውረድና ሙሉ በሙሉ ማደስ አለብኝ?

ሳይለኩ አይወስኑ። መካኒክ ጠርተው የእያንዳንዱን ሲሊንደር እመቃ (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ያስለኩ። ስድስቱ ተቀራራቢ ከሆኑና በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ባር ካልበለጠ፣ ዘይትም ካልጠጣ፣ ሞተሩን አይንኩት። በደኅና ቀን የተገጠመን የፋብሪካ ሞተር ያለ ምክንያት መፍታት ለጉዳት ማጋለጥ ነው።

የሚሠራው ሌላ ነው። የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ በዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ መብራትም አለው። መቼ እንደ ተቀየረ በማስረጃ ካላወቁ ዛሬውኑ ቀይሩት የምልበት ምክንያት አለኝ፦ ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተር ራስ) ማውረድ የግድ ይሆናል። የመወጠሪያውን ሮለርና ሞላውንም አብረው ይተኩ። የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር ለማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ለማስወጫው ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቫልቩ ራስ ላይ በሚቀመጥ የብረት ልክ ስለሚስተካከል ማይክሮ ሜትርና ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኖዝሎቹን (ናፍጣ የሚረጩትን አፎች) ፈትተው ለፖምፒስታ (ለፖምፓ ባለሙያ) ይስጡ፤ የመርጫ ግፊታቸውንና አረጫጨታቸውን በመሣሪያ አይቶ ያስተካክላቸዋል። የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይሩ፤ ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውኃ የማውረድ ልማድም ይኑርዎት፤ በተለይ ከበርሜል ናፍጣ የሚቀዱ ከሆነ።

ዳገት ላይ ይደክማል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ቱርቦ ላስገባለት?

መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ፖምፓው ግን ለባሕር ወለል የተመጠነውን ናፍጣ መላኩን ከቀጠለ ትርፉ ሳይቃጠል በጥቁር ጭስ ይወጣል። መኪናዎ ጅቡቲ ወርዶ የሚፈነጥዝ፣ እንጦጦ ላይ የሚያቃስት ከሆነ ታሞ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ የአየር ፊልትሮውን ቀይረው፣ ኖዝሎቹን አስፈትሸው፣ የፖምፓውን ታይሚንግ አስተካክለው፣ ለደጋው አየር የሚስማማ መጠን ፖምፒስታው እንዲያበጅለት ያድርጉ። ብዙ መኪና በዚህ ብቻ ሌላ መኪና ይሆናል። ፍሪሲዮኑ እየሸራተተ፣ ፍሬኑ እየያዘ ኃይል የሚያባክን መሆኑንም አይርሱ፤ መኪናውን በሜዳ ገፍተው ይሞክሩት።

ቱርቦን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፦ በልኩ ከተገጠመ ለደጋ አገር ይጠቅማል፤ በግምት ከተገጠመ ሞተሩን ይገድላል። 1ኤችዜድ ለቱርቦ ታስቦ አልተሠራም። ናፍጣው መጀመሪያ የሚቃጠለው በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ነው፤ ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል፤ ሲበዛ ቴስታታው በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ከፋብሪካው ቱርቦ ይዞ የወጣው ወንድሙ 1ኤችዲ-ቲ ናፍጣውን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይረጫል፤ ፒስተኖቹንም ከሥር በዘይት ያቀዘቅዛል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

እንግዲያው ቱርቦ የሚያስገቡ ከሆነ ከቱርቦው በፊት በጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠም የሙቀት መለኪያ ሳይኖር አያስነሡት። በረጅም ዳገት መርፌው 650 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ እግርዎን ያንሡ። ግፊቱን ከ0.5 ባር ገደማ አያሳልፉት፤ ዓላማችሁ ደጋው የወሰደውን አየር መመለስ ይሁን። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ሰፋ ባለ ቱቦ ይቀይሩ። ዘይቱንም በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለውጡ፤ ለቱርቦው ኩሽኔታ ከንጹሕ ዘይት የሚበልጥ መድኃኒት የለም። እመቃው የወረደ፣ ራዲያቶሩ ግማሽ የተደፈነ ሞተር ላይ ቱርቦ መጫን ግን በፍጹም አልመክርም።

ይግላል። ቴርሞስታቱን ላውጣው?

አያውጡት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በቀዝቃዛው ሲሠራ ይውልና ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። መጀመሪያ ርካሹን ነገር ይፈትሹ፦ የራዲያቶር ክዳን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ በአየር ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሞተሩ ውስጥ እንዳይፈላ የሚያደርገው በክዳኑ የሚያዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ላስቲክ የደረቀ እንደሆነ የደጋ መኪና ከቆላው ፈጥኖ ይፈላል። ቀጥሎ ፋኑን የሚይዘውን መገጣጠሚያ ይመልከቱ፤ በውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ ፋኑ በጣት ሲገፋ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚሽከረከር ከሆነ ዘይቱ አልቋል። ራዲያቶሩን አስፈትተው በዘንግ ያስጠርጉት። ከዚያ በኋላ ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውኃ ብቻውን አይሙሉበት።

ፍሬኑን ማሻሻል እፈልጋለሁ። ምን ልቀይር?

በመጀመሪያ ያለውን ወደ አዲስነቱ ይመልሱት፤ ከዚያ ስለ ማሻሻል እንነጋገራለን። የጎማ ቱቦዎቹ ሁሉ ይቀየሩ፤ ከውጭ ደኅና መስለው ከውስጥ ያበጡ ቱቦዎች ፍሬን ይዞ የመቅረት ዋና ምክንያት ናቸው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይደርሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ይህን በጠመዝማዛው መሃል ባያውቀው ይሻለዋል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ።

በፒካፑ የኋላ አክስል ላይ በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አለ፤ ጭነቱን አይቶ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይመጥናል። ብዙዎች ስለማያውቁት ዝጎ ይቀራል። ባሌስትራ ከፍ ካደረጉ ደግሞ ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ይቆጥርና ሁለት ኩንታል ጭነውም የኋላው ፍሬን ይደክማል። ዘንጉ ከአዲሱ ከፍታ ጋር መስተካከል አለበት።

ባሌስትራውን ምን ያህል ከፍ ላድርገው?

5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ የካርዳኑ (ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰው ዘንግ) ማዕዘን ይበዛና ክሮቸራዎቹን (መስቀለኛ መገጣጠሚያዎቹን) ይበላል፤ መሪውም ይቀልላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከፍታ የሚያስፈልግ የመሰለው የደከመ ባሌስትራ ስላለ ብቻ ነው። ፈትተው፣ በየቅጠሉ መካከል ያለውን ዝገት ጠርገው፣ የተሰበረውን ተክተው፣ የማንጠልጠያውን ላስቲክና ቡሎን ቢቀይሩ መኪናው በራሱ ቀና ይላል። ሁልጊዜ ለሚጫን መኪና ተጨማሪ ቅጠል ጥሩ ነው፤ ባዶውን ለሚሄድ ግን ወገብ ያደቅቃል።

ባለ ቀለበት ቸርኬውን ልተወው ወይስ ልቀይረው?

ከፋብሪካ የመጣው 7.50 በ16 ጎማ ካላማዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው ሲሆን ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) በቀለበት ይቆለፋል። በገጠር በእጅ ለመጠገን ይመቻል። ሆኖም ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ አየር ሲሞላ የመፈንጠር ኃይሉ ሰው ይገድላል፤ ጎሚስታው በብረት መከላከያ ውስጥ አድርጎ የማይሞላ ከሆነ እርስዎም አጠገቡ አይቁሙ። አቅም ካለ በአንድ ወጥ ቸርኬ ላይ 235/85 በ16 ጎማ ይግጠሙ። ቁመቱ ከቀድሞው ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ የፍጥነት መለኪያው አይዛባም፤ ማርሹም አይከብድም። ቡሎኑ ባለ ስድስት ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1999 በኋላ የመጡት ባለ አምስት ስለሆኑ ቸርኬያቸው አይገጥምም።

ላሜራውና ቀለሙስ?

የበሰበሰው ላሜራ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፤ በእኩል ውፍረት አዲስ ላሜራ ይበየድበት። በዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ለአንድ ክረምት ብቻ ነው። የሚበላባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፦ የመስታወቱ ሥር፣ የጣሪያው የውኃ መውረጃ ጠርዝ፣ የእግር ወለል፣ ከፊት ፓራፋንጎው ጀርባ ያለው ኪስ፣ የባትሪው መቀመጫ። ከመበየድዎ በፊት የባትሪውን ገመዶች ያላቁ፤ ካልሆነ ዲናሞው ይቃጠላል። የነዳጅ ታንከር በግቢ ውስጥ በፍጹም አይበየድም፤ ባዶ ታንከር ውስጥ ያለው ትነት ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። ከብየዳው በኋላ ዚንክ ያለበት መሠረታዊ ቀለም፣ በተዘጉ ክፍሎች ውስጥ ደግሞ በሰም የተሠራ የዝገት መከላከያ ይረጩ።

ሁለት ባትሪ አለው። 12 ነው 24 ቮልት?

አይገምቱ፤ ይለኩ። ሁለቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ከተያያዙ 12 ቮልት ነው፤ በተከታታይ ከተያያዙ 24። የማሞቂያ ካንዴላና ሞተሪኖ ሲገዙ ይህን ካላወቁ ያቃጥሏቸዋል። የመብራቱ መድከም አብዛኛውን ጊዜ ከአምፖሉ አይደለም፤ ከሻንሲው ጋር ከሚያገናኘው የመሬት ሽቦና ከማብሪያው ነው። መሬቱን ጠርገው፣ ለፊት መብራቶቹ ሪሌ (ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ከባትሪው የሚያደርስ መቀያየሪያ) ቢያስገቡ ለውጡን በመጀመሪያው ምሽት ያዩታል።

አራቱን ጎማ መቼ ላስገባ?

በጭቃ፣ በአሸዋና በልቅ ጠጠር። በደረቅ አስፋልት ላይ በጭራሽ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ልዩነቱን የሚያስተናግድ ዲፈረንሻል የለውም፤ በመታጠፊያ ላይ ሁለቱ አክስሎች እኩል ርቀት ስለማይሄዱ በማርሹና በካርዳኑ ላይ ውጥረት ይከማቻል። የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹን መዝጋትም አይርሱ፤ ሳይቆለፉ ማርሹን ብቻ ማስገባት ፊቱን አያሠራም። ባያስፈልግዎትም በወር አንዴ ለጥቂት ኪሎ ሜትር በፒስታ መንገድ ያስገቡት፤ ዘይቱ ይዳረሳል፣ መቆለፊያውም አይነክስም።

መለዋወጫ ከየት ላግኝ?

ለያገለገለ ዕቃ መርካቶ ውስጥ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ጥቂት ነው። የአሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ በቃል መግለጽ ያሳስታል። ካምቢዮና ዲፈረንሻል ያገለገለ መግዛት ይቻላል፤ የፍሬን ዕቃ፣ የመሪ መገጣጠሚያ፣ ቺንጊያና የዘይት ማገጃ ጎማ ግን ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በገልፍ አገሮች የ70 ተከታታይ (75ም የሚገኝበት ዝርያ) ላንድክሩዘር እስከ ዛሬ አዲስ ስለሚሸጥ ዱባይ ወይም ሻርጃ ዘመድ ያለው ሰው ኦሪጅናል ዕቃ ሊያስመጣ ይችላል፤ የሻንሲ ቁጥሩን በፎቶ ይላኩለት። ከኬንያ የሚመጣ የመሪና የፔዳል ዕቃ ግን ለቀኝ መሪ የተሠራ ስለሆነ አይገጥምም።

ሞተር ወይም ቀለም ብቀይር ሰነዱ ምን ይሆናል?

ከመቀየርዎ በፊት መኪናውን ለመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያመልክቱ። የሞተር ቁጥር፣ ቀለምና የአካል ዓይነት በሊብሬው ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ለውጡ በመዝገቡ መግባት አለበት። ያገለገለ ሞተር ሲገዙ የግዢ ሰነዱን ይቀበሉ፤ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ማስረዳት ካልቻሉ በዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ ያጣሉ፤ በሽያጭ ጊዜም ዝውውሩ ይቆማል።

ሥራው አልቋል። የመጀመሪያውን ጉዞ እንዴት ላድርግ?

ሩቅ አይሂዱ። በሰፈሩ ባዶ መንገድ ላይ ፍሬኑን በዝግታ፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገው ይሞክሩ። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላ ቆመው እያንዳንዱን ሞዞ በእጅ ይንኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ኩሽኔታው ጠብቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል። በ100 ኪሎ ሜትር የጎማ ዳዶዎችንና የባሌስትራ ቡሎኖችን ድጋሚ በልክ ያጥብቁ። በ500 ኪሎ ሜትር የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ያወዛውዙ፤ ክፍተት ካለ የሞዞው ኩሽኔታ ድጋሚ ይስተካከላል። ሞተሩ ተከፍቶ ከነበረ ዘይቱን በ1,000 ኪሎ ሜትር ይለውጡ፤ አሮጌውን ፊልትሮ ቆርጠው ከፍተው በወረቀቱ እጥፋት መካከል የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ።